ገመድ የለውም

ከቧንቧ ውሃ ቁልቁል፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣
አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር መቶ ሰው የማያስገባ፤
እኛ ሁለት መቶ ሆነን፣ ተደራርበን ስንገባ
ጦይባ በሩ ላይ ቁማ ሳንቲም ትቆጥራለች፣
ለሌለው "ነገ አምጣ" ብላ ፊቷን ታዞራለች።

ቴሌቪዥኑ አንድ ነው፣ በርሜል ላይ የቆመ፣
ቀለሙ አረንጓዴ፣ ድምፁ የታመመ።
ታይላንድ ወዴት ናት? ካርታ ያየ የለም።
"ከአሰብ ማዶ" አለ ከድር፣ "ብዙም ሩቅ አይደለም፤
ያጎቴ ከባድ መኪና ድሮ ይደርስ ነበር።"
ከድርን ያላመነ ማን ነበረ በሰፈር?

ፊልሙ ባለ ሦስት ክፍል ነው። አንድ የገጠር ልጅ፣
የመንደሩ ደወል ተሰርቆ፣ ከባዶ እጅ
ሌላ መሣሪያ ሳይዝ ከተማ ይወርዳል።
ጓንት አያጠልቅም፤ ክርኑን ይሰዳል፣
ጉልበቱን ይልካል። ጉልበቱ ጉልበቱ ነው።
ደረጃ ሙሉ ሌባ እንደ ባሕር ዛፍ ቅጠል ነው የሚረግፈው።

ሙሔ አስተርጓሚው፣ የወይራ ዱላ ይዞ፣
ከስክሪኑ አጠገብ፣ አናቱ ላይ ፎጣ ጠምዝዞ፣
ልጁ ከንፈሩን ሳያላቅቅ ይቀድመዋል፦
"አብሽሩ ይላችኋል! ደወሉ ይመጣል ይላችኋል!
እናቴን አደራ፣ በሬዬን አደራ ይላችኋል!"
"ተቀብለናል!" እንላለን። አግዳሚው ይንቀጠቀጣል።
ከጣራ ወደ ጣራ ልጁ ሲወረወር ግን
ሙሔ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሚስጥር እንደሚነግረን፦
"ልብ አርጉ፤ ገመድ የለውም። ሽቦ የለውም። ሰው ነው።"
ይቺ "ሰው ነው" የምትለው ናት ከድርን የሰበረችው።

ክፍል ሁለት ባለቀ ማግስት፣ ሰኞ ገበያ፣
ከጨው ተራው ቆርቆሮ ወደ ልብስ ተራው ወዲያ
ዘለለ።
አየር ላይ ሳለ፣ እውነት እላለሁ፣ ያምር ነበር።
ከዚያ አህያ፣ ቅርጫት፣ ቃሪያ፣ የሴት ጩኸት፣ አፈር።
ወጌሻው ቅቤ ቀብቶ በቀርከሃ ሲያስረው
"ገመድ አልነበረኝም" ብሎ ሳቀ፣ እንባው እየቀደመው።

ሦስተኛው የደረሰን ክረምት ላይ ነው፤ ጦሳ
በጉም ተጀቡኖ፣ ዝናብ በቆርቆሮው ሲያገሣ፤
ከድርን አዝለን ወሰድነው፣ እኔና ጡሃ፣
ጫማችን ሙሉ ውሃ።

መጨረሻው ላይ ልጁ ሌባውን አገኘው።
ለካ የገዛ ወንድሙ ነው።
ደወሉ መሃላቸው። ዝናብ እዚያም ይዘንባል።
ሙሔ ዱላውን ግድግዳ አስደገፈ፦
"ወንድሜ ይለዋል። ደወሉ ቢቀር ይቅር፤
አንተ ከሌለህበት ለማን ልደውል ነበር?
ድሮም ስደውለው ራት ቀረበ፣ ና ግባ ልልህ ነው፤
ይኸው እጄ ወረደ፤ ብትፈልግ ምታው።"

ጦይባ በሯን ትታ ገባች።
ከኋላዬ አንድ ትልቅ ሰው አፍንጫውን ጠረገ።
መብራት ሄደ።
ሙሔ አላቋረጠም። በዚያ ጨለማ
ሁለቱን አስታረቀ፣ ደወሉን ሰቀለ፣
እናትየዋን ከደጅ አወጣ፣ በሬውን ሳይቀር አስገባ።
መብራቱ አልመጣም። ሳንቲሜን ያለም የለም።

ዛሬ ኮምቦልቻ ነኝ፤ ጨርቃ ጨርቅ፣ የሌሊት ፈረቃ።
ፊልሙን በስልኬ አገኘሁት፤ ጥርት ያለ፣
የሚናገሩት ሁሉ ከሥር የተጻፈ።
ያችን ቦታ ጠበቅሁ። ወንድሙ። ደወሉ። ዝናቡ።
ልጁ አይናገርም።
አራት ደቂቃ ሙሉ ዝናብ ብቻ ነው፤
ከሥር አንድ ፊደል የለም።
መልሼ አየሁት።
ዝም።

ጧት ሐረጎን ስንወጣ ለከድር ነገርኩት።
ሚኒባስ ላይ ረዳት ነው፤ ጉልበቱ
ዝናብን ከሬዲዮ ቀድሞ ያውቃል።
በሩን ከፍቶ፣ ግማሽ ገላውን ጭጋጉ ውስጥ ሰቅሎ፣
ሁለት ኩርባ ሙሉ አሰበበት።
"ሙሔ አይዋሽም" አለኝ፤ "ልጁ ነው የረሳው።"
ከዚያ መንገድ ዳር ለቆመ፣ ለማላየው፦
"ደሴ! አንድ ሰው! አንድ ሰው ነው የቀረው!"